የብልቃጥ ቅርጫ

ሰምሀል ነፃ ነገር አትወድም። ነፃ የተባለ ነገር ሁሉ አንድ የጎደለው ነገር አለ ብላ ታምናለች። በነፃ የታደለ ካላንደር ግድግዳዋ ላይ አይሰቀልም፣ በነፃ የመጣ ሳሙና እጇን አይነካም። ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ በስተግራ ባለው ሰፈር ከእሷ ቤት በቀር በረንዳው ሴራሚክ የተነጠፈለት ቤት የለም፤ ይህንንም ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም። ሰው ታመመ ሲባል ቀድማ የምትደርስ፣ በቤተ ክርስቲያን ሕብረት ጸሎት ስትመራ እንባዋ የሚቀድማት ሴት ናት። ብቻ ከሰው እኩል መቀመጥ ትንሽ ይከብዳታል።

ከሰው እኩል የምትሆንበት ቀን ቢኖር የቅርጫ ቀን ነው። ሰፈሩ በየፋሲካው አንድ በሬ በጋራ ገዝቶ ሥጋውን ይካፈላል። በሬውን ከሸጎሌ ከብት ገበያ መርጦ የሚያመጣው ኡርጌሳ ነው፤ እዚያው ገበያ ከብት ሲጭንና ሲያወርድ የሚውል ጎረቤት። ዘንድሮ ታዲያ በዋዜማው ሶሬሳ የሚባለው ጎረቤት "ሚስቴ ታማብኛለች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" ብሎ ከቅርጫው ወጣ። የአንድ ሰው መደብ ጎደለና በሬው ሳይታረድ ቆመ። ኡርጌሳ ምትክ ፍለጋ በየበሩ ሲያንኳኳ ዋለ። ያን ጊዜ ሰምሀል ሰው በተሰበሰበበት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ሁሉም ተማምኖበት ሳለ በመጨረሻ ሰዓት ከቅርጫ የሚወጣ ሰው ጎረቤት አይባልም" አለች። ሶሬሳ አንገቱን ደፋ። የሰሙት ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ እሷም በንግግሯ ረክታ ወደ ቤቷ ገባች።

የኡርጌሳ ሚስት ሾዴ ትባላለች። ከእንጦጦ ማዶ ተድራ የመጣች፣ በየሰዉ ቤት ልብስ እያጠበች የምታድር፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። እሷና ሰምሀል የወለዱት በአንድ ሰሞን ነው፤ ሰምሀል ሮሃን፣ ሾዴ ቢሊሱማን። ሕፃናቱ የተወለዱት ተቀራርበው ቢሆንም መንገዳቸው ገና ከጅምሩ ተለያየ። የክትባት ቀን ሲደርስ ሾዴ ልጇን አዝላ በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያው ትወርዳለች፤ ሰምሀል ደግሞ ልጇን በመኪና ፒያሳ አጠገብ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ትወስዳለች።

"የጤና ጣቢያው እኮ ርካሹ ነው" ትል ነበር ሕብረት ላይ። "ለድሃ አገር ተብሎ የሚሠራ። እኔ ልጄን አልሞክርበትም።" ይህን ማን እንደነገራት አትጠይቋት። አንድ ነገር በእርግጠኝነት ሲነገር ግን ሰው ማመኑ አይቀርም፤ ኢየሩን የመሳሰሉ የሕብረቱ እናቶች አንድ በአንድ ከጤና ጣቢያው ቀሩ።

የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሲደርስ ሰምሀል ሮሃን ነጭ በነጭ አልብሳ ክሊኒኩ ሄደች። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን አየችና መለሰችላት።

"የኩፍኙን ከጤና ጣቢያ ነው የምትወስጂው። እኛ ጋ ቆሟል።"

"ለምን ይቆማል?"

"አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው የሚሆነው፤ እኛ ጋ የሚመጣው ደግሞ ጥቂት ነው። እየተከፈተ ሲደፋ ጊዜ ተውነው።"

"የእናንተ ከጤና ጣቢያው ይለያል አይደል እንዴ?"

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ምኑ ይለያል? ያው እኮ ነው። የሚመጣልን ከመንግሥት ነው። ስናስከፍልሽ የነበረው የካርድና የአገልግሎቱን ነው።"

ሰምሀል ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ከኋላዋ የቆመችው ሴት ሰምታ ይሆን ብላ ዞር አለች፤ ሴትየዋ ስልኳን እየነካካች ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላም ሀፍረቱ አልለቀቃትም። ያን ሁሉ ወር ስትናገር የኖረችው ባዶ ወሬ ነበር። አሁን ተመልሳ ከሾዴ አጠገብ በጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ብትቀመጥ ኢየሩ ምን ትላለች? ሰፈሩስ? ማታ ባሏ መዝገቡ "ተከተበች?" ሲላት "አዎ" አለችው። ለምን እንደዋሸችው ራሷም አላወቀችም። ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ወጣ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የውጭው በር ተንኳኳ። ሾዴ ናት፤ ቢሊሱማ ጀርባዋ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተኝቷል።

"ግቢ እንጂ" አለቻት ሰምሀል።

"ኧረ አልገባም ሰምዬ፣ እግሬ ጭቃ ነው፤ ሴራሚክሽን አላበላሽም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ለኩፍኙ ክትባት ወርጄ ነበር። ልጅ ስላልሞላ ሐሙስ ተመለሱ አሉን። ብልቃጡ ለአስር ልጅ ነው አሉ። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ነርሷ ሲስተር ይርጋለም እጇ ላይ ያለው ብልቃጥ ደግሞ ጥቂት ነው። ቢያንስ አምስት ካልሆናችሁ አልከፍትም አለች።"

"ለምን በትንንሹ አያደርጉትም?"

"እሱንማ እኔም ጠየቅኳት። ለየብቻ ሲሆን ይወደዳል አለች። ለብዙ ልጅ በአንድ ሲሆን ነው የሚረክሰው፣ እኛም በነፃ የሚደርሰን። ወዲያው ነው የገባኝ።" ሾዴ ሳቀች። "ቅርጫ ነው በቃ! ሰው ካልሞላ በሬው አይታረድም። ከላይ ሰፈር እናቶች አግኝቻለሁ፤ የጎደለን አንድ ነው። የሮሃ ጊዜዋ ከቢሊሱማ ጋር አይደል? ሐሙስ አብረን ብንወርድ ይሞላልናል።"

ሰምሀል አግዳሚውን አሰበች። ሲስተር ይርጋለም ከመነጽሯ በላይ አይታት "አንቺ ክሊኒክ አልነበርሽም እንዴ?" ስትላት ታያት። "እሺ" ልትል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከንፈሯ ተላቆ ነበር።

"ሮሃ እኮ ተከትባለች" አለች። "ባለፈው፣ ክሊኒክ።"

ሾዴ ቅር አላላትም። እንዲያውም ፊቷ በራ። "እሰይ! እሷስ ተገላገለች። በይ ሌላ ሰው ልፈልግ።" ፕላስቲኩን በልጇ ራስ ላይ አስተካክላ ወጣች። ሰምሀል በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻት። ሾዴ በዝናቡ ውስጥ ቀጣዩን በር አንኳኳች፣ ከዚያም ቀጣዩን፤ ልክ ባሏ ለፋሲካ እንዳደረገው። ሰምሀል የፋሲካውን ንግግሯን አስታወሰች፤ በሩንም ቶሎ ዘጋችው። "ሮሃን ሌላ ቀን ሰው በማያየኝ ሰዓት እወስዳታለሁ" አለች ለራሷ። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ አለፈ። ሌላውም ቀን እንዲሁ።

ሐምሌ መሀል ላይ ቢሊሱማ ታመመ። መጀመሪያ ትኩሳት ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያም ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ሰውነቱን ሽፍታ ወረሰው። ኩፍኝ ነው። ሳንባው ላይ ወርዶ ሆስፒታል አስተኙት። ሰምሀል ወሬውን የሰማችው ከሕብረት ስትመለስ ከኢየሩ ነው፤ መንገዱ መሀል ላይ ቆማ ቀረች።

ያን ቀን ሮሃን ለሠራተኛዋ ትታ፣ ብርቱካንና በፔርሙስ ሾርባ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ቢሊሱማ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ያቃስታል። ያ ጉንጩ የሚፈነዳ ልጅ አጥንቱ ወጥቷል። ግራ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሾዴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰምሀልን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻት፤ ሰምሀል ግን እጇ ታስሮ ቀረ፣ መልሳ ማቀፍ አቃታት።

"ዓይኑን ምን ሆነ?"

"በሽታው ዓይኑን መታው። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ግን ተመልሶ አያይም አሉኝ።" ሾዴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። "ዋቃዮ ነፍሱን ይተውልኝ እንጂ… ያን ሐሙስ እኮ አራት ሆንን። አራት! ሲስተር እስከ ምሳ ጠበቀችን። ብልቃጡን አውጥታ መልሳ ከተተችው። አንድ ልጅ ብቻ ብታመጡልኝ አለች። ከዚያ በሳምንቱ ስመለስ ልጄ አተኩሶ ነበር፣ ሲሻለው አምጪው ተባልኩ። ለካ ይዞታል።"

ሰምሀል የፔርሙሱን ክዳን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች።

"የሮሃ መከተብ ነው ደስ የሚለኝ" አለች ሾዴ። "እዚህ ሌሊት ሳስብ፣ ቢያንስ እሷ ተርፋለች እላለሁ። አብረው ነው የሚያድጉት። ሁለቱም ቢይዛቸው ኖሮ…"

ሰምሀል ከዚያ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ውርደት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባት። አንዲት እናት "ታማሚሽ አረፈብሽ እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። "የለም፣ ጎረቤቴ ነው" ብላ መለሰች፤ ጎረቤት የምትለውን ቃል ስትናገር ድምጿ ተሰበረ።

ይህን ያህል የተዋረደ ሰው እንግዲህ ቀጥ ብሎ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይሄዳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሄደችም። በሚቀጥለው ቀን ሮሃን ይዛ የማትታወቅበት ቦታ፣ በቀጨኔ በኩል ወዳለ ሌላ ጤና ጣቢያ ወጣች። የዝናብ ካፖርቷን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ስባ፣ መኪናዋን ራቅ አድርጋ አቁማ። አሁንም መደበቅ!

"ዛሬ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ" አላት ወጣቱ ነርስ። "ሰው እስኪሞላ ቁጭ በዪ።"

ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። ሮሃ ተነጫነጨች፣ ጠባች፣ ተኛች። አንድ ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ሰምሀል ጀርባው ላይ ልጅ መኖሩን ታያለች። አንዱ ለቁስሉ ነው፣ አንዷ ለመድኃኒት። ሾዴም በዚያ ሐሙስ በሩን እንዲህ ስታይ ውላ ይሆናል፤ ሳታውቀው ስትጠብቅ የነበረውም ሌላ ሰው ሳይሆን እሷን ነበር። መጨረሻ ላይ ተነሥታ ነርሱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

"ሙሉውን ብልቃጥ ልክፈልና ክፈትልኝ። ዋጋውን ንገረኝ ብቻ።"

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። የተቆጣ አይመስልም፤ የገረመው ነው የሚመስለው። "የሚሸጥ አይደለም እኮ፣ እህቴ። ደግሞስ ብትገዢውና አንዷን ልጅሽን ብንወጋት፣ የተቀረውን የሰው ልጆች ድርሻ ልትደፊው ነው?"

ልጇን ጠቅልላ ወጣች። መኪናው ውስጥ ሮሃን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሕብረት ላይ እንደምታለቅሰው አይደለም፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀች ነው።

ሾዴና ልጇ ከሆስፒታል በወጡ ማግስት ሰምሀል ቤታቸው ሄደች። ኡርጌሳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ የከብት ገመድ ይቋጥራል፤ እንደ ወትሮው ተነሥቶ "ይግቡ" አላት። ውስጥ ቢሊሱማ በአንድ ዓይኑ ጣራውን ያያል። ሰምሀል የቀረበላትን በርጩማ አልተቀመጠችበትም።

"ሾዴ፣ ሮሃ አልተከተበችም።"

"ምን?"

"አልተከተበችም። ክሊኒኩ የለም ብሎኝ ነበር። እ… ሰው ጤና ጣቢያ እንዳያየኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።"

ውጭ የገመዱ ቋጠሮ ድምፅ ቆመ።

"ያን ቀን፣ በር ላይ ቆሜ ስለምንሽም?"

"ያን ቀንም።"

"አራት ነን ብዬሽ… ሆስፒታል ስነግርሽም ዝም አልሽ? ሾርባ ይዘሽ?"

ሰምሀል "ይቅር" ብላ ጀመረች፤ ሾዴ እጇን አንሥታ አስቆመቻት። ያ ሳቅ የማያጣው ፊት ጠቁሮ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

"ሂጂልኝ። ልጄ ሳያይሽ ሂጂልኝ።"

ሰምሀል ስትወጣ ኡርጌሳ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ቀና ብሎም አላያትም። ባለፈች ቁጥር ብድግ የሚል ሰው ነበር። ቤቷ ስትደርስ ሴራሚኩ ላይ በጭቃ እግሯ ተራምዳ ገባች፤ መዝገቡንም ከሥራ እስኪመጣ ጠብቃ ሁሉንም ነገረችው። ብዙ አልተናገራትም። "ሐሙስ ታወርጂያታለሽ" አለ ብቻ፣ ራቱንም ሳይበላ ተነሣ።

ሐሙስ ሮሃን አዝላ በእግሯ ወረደች። ጎረቤቶቿ በየበራቸው አይተዋታል፤ ወሬውም እንደደረሳቸው ከሰላምታቸው ቅዝቃዜ ገብቷታል። ኢየሩ ከሱቅ ወጥታ መንገድ ተሻገረች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሁለት እናቶች ተቀምጠዋል። ሰምሀል ከጫፍ ተቀመጠች። ሲስተር ይርጋለም ከመነጽሯ በላይ አየቻት፤ ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ ግን አልመጣም።

"ከሾዴ ጋር የምትጎራበቺው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ሲስተር።"

ሲስተር ይርጋለም እዚያው ቆመች። "ያን ቀን ለአራት ልጅ አልከፍትም ያልኩት እኔ ነኝ። ለቀሪዎቹ አስቤ ነው። ዛሬም የቀረኝ አንድ ብልቃጥ ነው፤ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ለሦስታችሁ ብከፍተው ሰኞ ለሚመጣው ልጅ ምን ልበለው? ባልከፍተውስ?" እጇን በጋውኗ ጠረገች። "እስቲ ትንሽ እንጠብቅ።"

"ሰው ልፈልግ ልሂድ?" አለች ሰምሀል። ለማን እንደምትደውል ግን ጨነቃት። ከዚህ ያስቀረቻቸው እናቶች ናቸው፤ አሁን ኑ ብትላቸው በምን አፏ? ስልኳን አውጥታ ኢየሩ ጋ ደወለች። አልተነሣም። ደግማ ደወለች፣ አልተነሣም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ፤ ከሁለቱ እናቶች አንዷ ልትሄድ ነጠላዋን ማጣፋት ጀመረች።

ያን ጊዜ ነው ሾዴ በበሩ የገባችው። ቢሊሱማ ጀርባዋ ላይ ነው። ከኋላዋ ከላይ ሰፈር የመጡ እናቶች ተከታተሉ፤ አንዳንዶቹ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለዋል፣ ሁሉም እስከ ጉልበታቸው በስብሰዋል። ከመጨረሻ የገባችው የሶሬሳ ሚስት ናት፤ ከፋሲካ ሕመሟ ገና ሙሉ በሙሉ ያላገገመች ሴት፣ ልጇን በሁለት እጇ ታቅፋ። ሾዴ ሰምሀልን ሳታያት ቀጥ ብላ ወደ ሲስተር ሄደች።

"ሞልቷል፣ ሲስተር። ክፈችው።"

ሲስተር ይርጋለም ቆጠረቻቸውና ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አወጣች። ሰምሀል ብድግ አለች።

"ሾዴ… እኔ ምን ልበልሽ?"

"ምንም አትበዪኝ። ላንቺ ብዬ አይደለም።" ሾዴ አሁንም አላየቻትም። "ሮሃ ምን አጠፋች? አዝለሻት ስትወርጂ አይቼ በየበሩ የዞርኩት ለሷ ነው።"

ተራው ደረሰ። ሮሃ ተወጋች፣ ጮኸች፣ ዝም አለች። የሶሬሳ ሚስት ልጅ ተከተለ። ሲስተር ይርጋለም ለሾዴ "ያንቺስ?" ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሾዴ ደክሟት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ቢሊሱማንም ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው። የቀረው ባዶ ቦታ ከእሷ በስተግራ ነበር። ሰምሀል እዚያ ተቀመጠች፤ ሌላ የምትሄድበት የለም።

ሮሃ ጓደኛዋን ስታይ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችለት፣ "አ! አ!" እያለች። ቢሊሱማ ድምጿን ሰምቶ ፈለጋት፤ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ሲስተር አየ። እጇ ጉንጩ አጠገብ ነበር፣ እሱ ግን አላየውም። በግራው በኩል ነበረች።

ሰምሀል ልጇን አንሥታ በሾዴ ፊት ጎንበስ ብላ አለፈችና፣ በቢሊሱማ ቀኝ፣ እርጥቡ የሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀመጠች።